«ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ነው፤ በመካከላቸው የገባው ግን እንደ ለመድነው ገንዘብ ወይም ዘመድ ሳይሆን የጃፓን ቋንቋ ነበር። ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ነገሩ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ሰሞን ነው። ረቡዕ ከእህቶች ጸሎት በኋላ አንዲት ወጣት እህት ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ ወደ እኔ ቀረበች። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ቤታቸው ሳሙና በር አካባቢ ነው። ወደ መሬት እያየች «እትዬ፣ ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት ከሴት ጋር ያወራል» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ባሏን አውቀዋለሁ፤ የዋህና አገልግሎት የሚወድ ሰው ነው። «በምን አወቅሽ?» አልኳት። «በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማው። አንድ ቀን ተኝቷል ብዬ ከጆሮው ባወጣው የሴት ድምፅ ሰማሁ። እሷ የምትለውን እሱም በለሆሳስ ይደግመዋል።» «ምን ትላለች?» «አላውቅም እትዬ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም አይደለም!»

ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም በኋላ ስቄያለሁ። የዚያን ቀን ግን የሚያስቅ አልነበረም። ድምፁ ጃፓንኛ ለሚማሩ የተቀረጸ ትምህርት መሆኑን ባሏ ሲጠየቅ ነግሯታል፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ ይበልጥ ፈራች። «ጃፓንኛ የሚማር ሰው ጃፓን ሊሄድ አይደል? እኔንና ልጄን የት ሊተወን ነው?» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ቶሎ መከርኩ። ስልኩን ከመኝታ ቤት አስወጪ፣ ሌሊት ለዕረፍትና ለትዳር ነው አልኳት። ምክሩ በራሱ ክፉ አልነበረም። ያጠፋሁት የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ መምከሬ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። «ስልኩን ተወው። ጥናቱንም ተወው። አሁን ደግሞ ከእኔም ጋር መነጋገር ተወ» አለች። ያን ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ሁለቱንም ቤታችን ጠራናቸው።

ባልየው አስጎብኚ ነው። የጎንደርን ግንብና የሰሜን ተራሮችን ለውጭ አገር ሰዎች እያሳየ ነበር ቤቱን የሚያስተዳድረው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ እንግዳ ቀረ። ሲጠብቅ በ2013 ጦርነቱ መጣ፤ ጦርነቱም እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። እኛ በዚህ የምንኖር ሰዎች ያን ጊዜ ማስታወስ አያስፈልገንም። በ2015 መጀመሪያ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም እንግዳ ይመለሳል የሚል ተስፋ አደረበት። እንግሊዝኛ ሁሉም አስጎብኚ ይችላል፤ ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ የሚሞክሩም አሉ። ጃፓንኛ የሚችል ግን በሚያውቃቸው ባልደረቦቹ መካከል አልነበረም።

«እትዬ» አለኝ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስቴ በምታመጣው ደመወዝ ነው የበላሁት። በቀን አሥር ቃል ስይዝ ግን ሥራ ውዬ የገባሁ ይመስለኛል።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ይህን ለእሷ ነግሯት አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ጃፓንና ጎንደር ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ጃፓንን አብዛኞቻችን የምናውቀው በቶዮታ መኪና፣ በመሥሪያ ቤቱ ካይዘን፣ እንዲሁም አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ባገኘው ድል ነው። ይሁን እንጂ ጃፓኖች ይህን ደጋ በሚገባ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማሳዎ ካዋይ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሰሜን ተራሮች የጭላዳ ዝንጀሮን ኑሮ አጥንቶ በ1979 መጽሐፍ አሳትሟል። ጃይካም በአካባቢው በማኅበረሰብ ቱሪዝም ላይ ሠርቷል። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ደግሞ ኢትሱሺ ካዋሴ የሚባል የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እየተመላለሰ አዝማሪዎችንና ሌሊት በየደጁ እየዘመሩ የሚለምኑትን ላሊበሎች በፊልም ቀርጿል። በ2006 የሠራው አንድ ፊልም ከጎዳና ልጆች ጋር በኢትዮጵያ ሆቴል አሥራ አንድ ቁጥር ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ ከሰዎቹ ጋር የሚጫወተው በአማርኛ ነው። ከኦሳካ መጥቶ አማርኛን ከጎንደር አዝማሪና ከጎንደር ልጅ ጋር የሚያወራ ሰው ካለ፣ ከጎንደር ሆኖ ጃፓንኛ የሚሞክር ቢገኝ ምን ይገርማል?

ወደ ቤታችን ልመለስ። ባልየው የሚማርባቸውን ነገሮች እንዲያሳየን ጠየቅነው። ስልኩ ላይ ዱኦሊንጎ የሚባለው አለ፤ ጃፓንኛን እ.ኤ.አ. በ2017 የጨመረ ነው። እንደ ጨዋታ ስለሆነ ያስደስታል፤ በየቀኑ ካልገባህ ግን የቆጠርከው ቀን ይጠፋብሃል እያለ ያስጨንቃል። የሌሊቱ ጉዳይ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት የዕለቱን ለመጨረስ ይሯሯጣል። ሌላው ኢሮዶሪ የሚባል የጃፓን ፋውንዴሽን መጽሐፍ ነው። በነጻ ከነድምፁ ስለሚወርድ አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ ኔትወርክ አያስፈልገውም። ያቺ በሌሊት የምታወራው ሴት እዚያ ውስጥ ነበረች። ሦስተኛው አንኪ የተባለው የቃላት መያዣ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን በአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይገኛል። የረሳኸውን ቃል ቶሎ፣ ያወቅኸውን ቆይቶ ያመጣልሃል። ሁሉም የሚያስረዱት በእንግሊዝኛ ነው።

እኔ አንኪን ሳይ ሳቄ መጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ግሪክኛ የያዝኩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ስልክ ሳይሆን ከብስኩት ካርቶን የቆረጥኳቸው ካርዶች ነበሩኝ። በአንዱ ገጽ ግሪክኛው፣ በሌላው አማርኛው። ዘዴው የቆየ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ሰው የተማረውን በስንት ጊዜ እንደሚረሳ በራሱ ላይ ሞክሮ ጻፈ። በ1972 ደግሞ ሰባስቲያን ላይትነር ካርዶቹን ክፍል ክፍል ባለው ሣጥን ማስቀመጥን አስተማረ። ያወቅኸው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የረሳኸው ከየትኛውም ክፍል ቢሆን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛው በሁለት በሦስት ቀን፣ የኋለኞቹ እየራቀ ይታያሉ። በቃ፣ የጫማ ካርቶንና መቀስ ይበቃል። ስልኩ የሚጨምረው ስሌቱን ብቻ ነው።

ባልየው ግን የተቸገረው ከቃላቱ በፊት በፊደሉ ነበር። ሂራጋና የሚባለው ፊደል 46 ነው። ለሦስት ወር ያጠናዋል፤ ግማሹን ይይዛል፤ ግማሹ ይምታታበታል። ሰንጠረዡን ከደብተሩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የነበረችው ሚስቱ ጠጋ ብላ አየች። አስታውሱ፣ ሥራዋ ሕፃናትን ሀ ሁ ማስቆጠር ነው።

«ይኼ ምንድን ነው የሚለው?» አለችው የመጀመሪያውን ረድፍ። «አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ።» «ቀጥሎስ?» «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ።» «ኧረ ይሄማ ፊደል ነው!» አለች። «ራብዕ፣ ሣልስ፣ ካዕብ፣ ኀምስ፣ ሳብዕ። ግዕዙና ሳድሱ ነው የጠፋው።»

በእውነት እንዲያ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ ያነባል፤ እኛ ገና በአራት ዓመታችን ጨርሰነዋል። የእኛ ፊደል 33 በ7፣ 231 ነው፤ የእነሱ 46 ብቻ። ነገር ግን እሷ ወዲያው ችግሩንም አየች። የእኛ ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ ዘመዳማቾች ናቸው፤ አንዱን ካየህ ሌላውን ታውቀዋለህ። የጃፓኑ ካና ኪ ግን በመልክ አይተዋወቁም። «እንግዲያው በረድፍ አታጥናው» አለችው። «ለልጆቹ የሚመሳሰሉትን እናጣምራለን። ሀና ሀሌታውን አይደለም፤ በና ሰን፣ ለና ሰን ጎን ለጎን አድርገን ነው ልዩነቱን የምናሳያቸው። የሚምታቱብህን አምጣቸው።» በዚያች ምሽት እኔና ባለቤቴ ቡና ስንጠጣ እነሱ እራታቸውን ረስተው አምስት ጥንድ ፊደል አወጡ።

ከዚያ ወዲህ የካርዱ ሣጥን በእሷ እጅ ሆነ። ምሽት ልጃቸው ከተኛች በኋላ ሃያ ደቂቃ እሷ ካርድ ታነሣለች፣ እሱ ይመልሳል። ከአራት ሰዓት በኋላ ስልክ የለም። ሳታስበው እሷም መያዝ ጀመረች። ነገሩም ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ የሚቀልለው ነገር አለው። «ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ማለት «ውኃን እጠጣለሁ» ነው፤ ሚዙ ውኃ፣ ኦ የእኛው «ን»፣ ኖሚማስ እጠጣለሁ። ግሡ እንደ እኛ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄ ሲሆን «ካ» ይጨመራል፤ «ኖሚማስ ካ?» «ይጠጣሉ ወይ?» እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ስንማር ዓረፍተ ነገሩን ገልብጠን ስንት ጊዜ ተደናቅፈናል! እዚህ መገልበጥ የለም። መጥበቅና መላላትም አለ፤ እኛ «አለ» ብለን ጽፈን «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢው እንዲያውቅ እንተዋለን፣ እነሱ ግን ለሚጠብቀው ትንሽ ምልክት ይጽፋሉ። ሳድስ ስለሌላቸው ደግሞ የእኛ ስሞች አፋቸው ውስጥ ይረዝማሉ። ጎንደር ጎንዳሩ ይሆናል፤ ክርስቶስን ኪሪሱቶ ይላሉ።

የሚከብደውንም ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ነገ ሁላችሁም ካርቶን ልትቆርጡ ነው። ከሁለቱ ፊደሎቻቸው ሌላ ካንጂ የሚባለው ከቻይና የመጣው ጽሕፈት አለ። መንግሥታቸው ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የወሰነው ብቻ 2136 ነው። እሱ እንኳ በድምሩ አስፈሪ ይሁን እንጂ አንዳንዱ ትርጉሙን ሲነግሩህ ያስደስታል፤ ካይዘን የሚለው «ካይ» መለወጥ፣ «ዘን» መልካም ነው። ሌላው አናባቢን ማስረዘም ነው። የእኛ ጆሮ ይህን አይለይም። ባልየው ከኮሮና በፊት፣ ጥቂት ቃላት ብቻ ከአንድ ትንሽ መጽሐፍ ለቅሞ ሳለ፣ አንዲትን ደህና ጎልማሳ ሴት በአክብሮት ጠራሁ ብሎ አስቀይሟት ነበር። «ኦባሳን» አክስት ወይም እትዬ እንደማለት ሲሆን፣ «ኦባአሳን» ብለህ ከጎተትከው አያት ነው። እሱ ጎተተው።

ይህን ስሕተት መጽሐፍ አያርመውም። እንዲያውም ጥንት በዚሁ በእኛ ቋንቋ የደረሰውን ልጥቀስ። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ግዕዝን በወጣትነቱ ከመጽሐፍ ለብቻው አጠና። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ እኚህ ሰው የአማራ ልጅ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በመሠረቱበት ዘመን ከአገር የወጡ ነበሩ። ሉዶልፍ ማንበብና መጻፍ እንጂ መናገር አልቻለም ነበርና አነባበቡን የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። በ1652 ደግሞ ጎታ ወደምትባል ከተማ መጥተው አማርኛንም አስተማሩት። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ታዲያ ያን ሁሉ ያደረገው ሰው እንኳ ከፊቱ የሚቀመጥ ሰው አስፈልጎታል። የጃፓንኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና የሚባለውም ከኤን 5 እስከ ኤን 1 አምስት ደረጃ አለው፤ የሚፈትነው ግን ንባብንና መስማትን ነው፣ መናገርን አይደለም። ስለዚህ የምስክር ወረቀት ይዞ አፉን የማይከፍት ሰው ሊኖር ይችላል።

ሚስትየዋ በጣም የፈራችውን ጉዳይ ሳላነሣ ብቀር ቅር ይላችኋል። ሰውየው መሄድ ፈልጎ ነበር ወይ? አዎ፣ አንዳንድ ሌሊት አስቦት ነበር። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ለተወሰኑ ሙያዎች ቋንቋ ለተፈተነ የውጭ ሠራተኛ ቪዛ እንደምትሰጥ አንብቦ ነበር። ይህን ያወጣው ካርድ እያጠኑ ሳለ ነው። ሚስቱ «ካናይ» የሚል ካርድ አንሥታ «ይኼ ምንድን ነው?» ስትለው «ሚስቴ ማለት ነው። ካ ቤት፣ ናይ ውስጥ» አላት። እሷም ካርዱን ሳታስቀምጥ «ቤት ውስጥ ያለሁትስ እኔ ነኝ፤ አንተ ግን የት ነህ?» አለችው።

ሁሉን የነገራት ያን ጊዜ ነው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነጋገሩ፤ ማልቀስም ነበረበት። ማግስቱን ለእኔ ስትነግረኝ ዓይኗ አብጦ ነበር፣ ፊቷ ግን በራ። የሄደ አንድም ነገር የለም፤ የተስማሙት ማንኛውም ማመልከቻ ቢሞላ አብረው እንዲያነቡት ነው።

ስለዚያች «ካናይ» ስለምትባል ቃል እኔም ቆይቼ አሰብኩ። ጃፓኖች የሰውን ሚስት በአክብሮት «ኦክሳን» ይላሉ፤ እሷም የእልፍኝ ውስጥ ሰው እንደ ማለት ናት። ባልን «ሹጂን» ሲሉ ጌታ ማለታቸው ነው። ዛሬ ብዙ ወጣቶቻቸው ሁለቱንም ትተው ሚስትና ባል ብቻ የሚሉትን ቃላት ይመርጣሉ። እኛ ደግሞ «ባለቤቴ» እንላለን፤ ለባልም ለሚስትም አንድ ቃል ነው፣ ሁለቱም የቤቱ ባለቤቶች ናቸው። ሃያ ዓመት «ባለቤቴ» ስል ኖሬ ይህን ያስተዋልኩት በጃፓንኛ ካርድ ምክንያት መሆኑ ይገርመኛል።

በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ያ የቀን ቆጠራ የሚያስጨንቀው ፕሮግራም ዝም አለ። እንግዳም ዳግመኛ ጠፋ። የወረደው መጽሐፍና የጫማ ካርቶኑ ግን እዚያው ነበሩ። ምሽት ላይ ሰው ሁሉ በጊዜ ቤቱ በሚገባበት በዚያ ወራት፣ መብራትም ሲጠፋ በሻማ፣ ካርዳቸውን ያነሡ ነበር። «ሌላ ወሬ እንዳናወራ ጠቀመን» ትላለች እሷ። ተኩስ በሚሰማበት ሌሊት ልጅ ሲነቃ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ እያሉ ያስተኙ እንደነበርም ነግራኛለች።

ባልየው አሁን የግንባታ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሯል። ፈተናውን አልተፈተነም። ጃፓናዊ እንግዳም እስካሁን አላስጎበኘም። ካርዶቹ አምስት መቶ አልፈዋል፤ ካርቶኑም ተቀይሮ ትልቅ ሆኗል።

ባለፈው ወር እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ጠርተውን ከባለቤቴ ጋር ሄድን። እሱ ከመንገድ ስኳር ገዝቶ ሲገባ ከበር ላይ ጮክ ብሎ «ታዳይማ!» አለ፤ መጣሁ ማለት ነው። እናትና ልጅ ከጓዳ በአንድ ድምፅ «ኦካኤሪ!» አሉት፤ እንኳን ተመለስክ። ጃፓኖች በየቤታቸው ዕለት ዕለት የሚባባሉት ነው አሉኝ። እኔ ምን እንደምመልስ ሳላውቅ ፈገግ ብዬ ቀረሁ።

ትንሿ ልጅ የፈንዲሻውን ሰሐን ይዛልኝ መጣችና አንገቷን ሰበር አድርጋ «ኦባአሳን» አለችኝ። ባልየው ደንግጦ «ኧረ ኦባሳን በያት፣ ኦባሳን! አትጎትቺው!» አለ። ልጅቱ ፊቴን ትኩር ብላ አየችና፣ ሻሼን አየችና፣ እንደገና ጎተተችው።